የመብረቅ ጀርባ

መምህሩ የተገኘው በአሮጌው የዱቄት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ሰማይ ላይ እንደተከለ ነው። በሕይወት ሳለም ከዚህ የተለየ ነገር ሲያደርግ አልታየም ይላሉ የሚያውቁት። ሰላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰማይ ሲጠቁር ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሱ ካሜራውን ታቅፎ ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ይወጣል። መብረቅ ያነሳል። ብልጭታውን ካየ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ጮክ ብሎ ስለሚቆጥር ጎረቤቱ ሁሉ «ቆጣሪው» ይለው ነበር።

«የፈለገውን አገኘ» አለ ሰፈሩ። ሐኪሙ ግን ሬሳውን አገላብጦ ቢያይ የመብረቅ ምልክት አጣበት። ቃጠሎ የሚባል የለም። ያለው ከከፍታ በጀርባ ወድቆ የተሰበረ የራስ ቅል ነው። የሸሚዙም ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ አንደኛው ከነክሩ ጣሪያው ላይ ተገኘ። እንግዲህ ከመውደቁ በፊት አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ፖሊስ በዚያው ዕለት የፋብሪካውን ዘበኛ አሰረ።

ጉዳዩ መርማሪዋ እጅ የገባው በስድስተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው መርማሪ ሲዛወር ነው። አለቃዋ ፋይሉን የሰጣት ያለቀ ሥራ እንደሚያስረክብ ሰው ነበር።

«ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው» አላት። «የግቢው ቁልፍ በማን ኪስ ተገኘ? በዘበኛው። ደሙ በማን እጅ? በዘበኛው። በዚያው ጠዋት ‹አንድ ቀን መብረቁን እላያችን ላይ ትጠራዋለህ› ብሎ የጮኸበት ማነው? ዘበኛው። ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ግን...»

«ይኸው! ጀመረች።»

መሥሪያ ቤቱ በሌለችበት «እመት ግን» የሚላት ለዚህ ነው። ታውቃለች፤ አትቀየምም። ያስጨነቃት ስሙ ሳይሆን ቀኑ ነበር። ማክሰኞ ነው፤ እስከ ዓርብ ሌላ ነገር ካልተገኘ አንድ ሰው የቀረ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው። ምናልባት ገዳይ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አይሆንም፤ ይህችኛዋ «ምናልባት» እንቅልፍ እንደማትሰጣት ከወዲሁ ታውቃት ነበር።

ዘበኛውን እስር ክፍሉ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኘችው።

«አንሥቼው ነው እጄን ደም የነካው» አላት። «ሰው ወድቆ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቆም አለ እንዴ?»

«መምህሩ ሲወድቁ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጎጆዬ ውስጥ።» አፈረ። «ብርድ ልብስ ተከናንቤ። ምን ልደብቅዎ! ሌባ አልፈራም፤ መብረቅ ግን አልችልም። ጠዋት የጮኽኩበትም ከፍርሃት ነው። ረገብ ሲል፣ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ገደማ ወጣሁ። ወድቆ አገኘሁት።»

«የግቢው የኋላ በርስ? ተከፍቶ ነበር ብለዋል።»

«እሱን ነው ሰው የማያምነኝ! ጠዋት በእጄ ቀርቅሬዋለሁ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። ሬሳውን ካገኘሁ በኋላ ሳየው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋኔን ካልሆነ ማን ይከፍተዋል?»

«መምህሩ ራሳቸው ቢሆኑስ? የሚያውቁት ሰው አንኳክቶ?»

ዘበኛው ቀና ብሎ አያት። ከታሰረ ጀምሮ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል ያለው የለም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ወጣች። ከፊት ለፊቷ ሰፊ ረግረግ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከሜዳው ማዶ የገበያው ሰፈር ይታያል። ዓይን በአንድ አፍታ ይደርሳል፣ መኪና ግን ረግረጉን ዞሮ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የጣሪያው ዳር በብረት አጥር ተከቧል፤ መሰላሉ ያለበት ጋ ግን አጥሩ ክፍት ነው። ከአጥሩ ብረቶች አንዱ ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ ተጠምዝዟል።

የመምህሩን ካሜራና ደብተር ኤግዚቢት ክፍል አስወጥታ አየች። ካሜራው ብልጭታ ሲያይ በራሱ የሚያነሳ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ተገጥሞበታል። በደብተሩ የዚያ ቀን ገጽ ላይ ሰዓትና ቆጠራ ተጽፏል፦ አሥር ከአምስት፣ አሥራ አምስት። አሥር ከአሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ። አሥር ከሃያ፣ አምስት፤ ከጎኑም «ግሩም!» የሚል ቃል። አሥር ከሃያ ሰባት፣ አሥራ ሁለት። አሥር ከሠላሳ ሁለት፣ ሃያ አንድ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅበት መርማሪዋ ከትምህርት ቤት ታስታውሳለች። ቆጠራው ሲያድግ ነጎድጓዱ እየራቀ ነው። ሰውየው የሞተው አደጋው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር።

«ግሩም» የተባለውን ፎቶም አየችው። መብረቁ ቀጥ ብሎ ረግረጉ መሃል ወርዷል፤ ከወገቡ ላይ አንዲት አጭር ክንድ ወደ ቀኝ ታጥፋለች።

በዝናብ አንኳክቶ መምህሩን በር የሚያስከፍት ሰው ብዙ አልነበረም። ሦስት ቆጠረች።

የመጀመሪያው የመምህሩ ሚስት ወንድም፣ መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ወጥቶ አገኘችውና ለእግሩ ጥያቄ ጀመረች።

«እህቴ በበጋ ባለትዳር፣ በክረምት ፈት ነበረች» አለ ድምፁ ከሥር። «ደመና በመጣ ቁጥር ጥሏት ይወጣል። ብጠላው ይፈረድብኛል?»

«ሞታቸውን ተመኝተው ነበር?»

ጎትቶ ራሱን አወጣ። ፊቱ በዘይት ተለውሷል። «ተመኝቼ ይሆናል። አሁን እሷ ስታለቅስ ሳይ ምላሴን በቆረጥኩት እላለሁ።» በዚያ ሰዓት ሁለት ሾፌሮች መኪናቸው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመው ይነዘንዙት እንደነበር ነገራት። ሾፌሮቹም መሰከሩለት፤ እስካሁንም አልረኩም።

ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው። ከረግረጉ ማዶ፣ በገበያው ሰፈር፣ የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ ያነሳል። ግድግዳው ላይ ስም ያወጣለት የመብረቅ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ሌላው ቅጂ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከነስሙ አለ። ሰውየው ለስላሳ፣ ወንበር አቅራቢ፣ ሐዘኑም የማያሳፍር ነበር።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «እሱ ከዚያ ማዶ ያነሳል፣ እኔ ከዚህ ሰገነቴ። በዚያ ቀን አንድ መብረቅ ሁለታችንም ይዘናል፣ ይመልከቱ።» ፎቶውን አሳያት። አሥር ሰዓት ከሃያ። አጭሯ ክንድ እንደ ታጠፈች ናት።

«ፎቶው ላይ መሬት የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው?»

«ለውበት ነው።»

«ነክተውታል? ማለቴ ያስተካከሉት ነገር አለ?»

«እንደወረደ ነው። ካሜራው ውስጥ የነበረውን ሚሞሪ እንዳለ ልስጥዎ።» ሰጣት፤ እንደወረደ ስለመሆኑም ቃሉ ላይ ፈረመ። ሚሞሪው ላይ ያለው ይኸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የቀረውን አጠፋሁት አላት።

«ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እግሬ ረግጦት አያውቅም! ከፍታ ያዞረኛል።»

መርማሪዋ ስትወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ፎቶ እንደገና አየችው። ከጥጉ፣ ከመብረቁ በታች፣ ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ የተጠመዘዘ ብረት ይታያል። 

ሦስተኛዋ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ናት፤ ቤቷ ከፎቶ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። መድኃኒት እየቆጠረች አነጋገረቻት። እሷም መብረቅ ታነሳለች፤ በዚያ ሰዓት ከቤቷ ጣሪያ ላይ ስታነሳ ልጆቿ ጃንጥላ ይዘውላት ነበር። ስልኳን ዘረጋችላት።

«ይኸው አሥር ከሃያ።»

መርማሪዋ ግንባሯን ቋጠረች። መብረቁ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ አጭሯ ክንድ ግን ወደ ግራ ታጥፋለች። «ይህ ሌላ ነው።»

«ያው ነው፣ እትዬ! በዚያ ደቂቃ የወደቀው አንድ ነው። የጎረቤቴን አይቼዋለሁ፤ ወደ ቀኝ የሆነው ገልብጦት ነው መሰለኝ፤ ፎቶ ቤቶች ይገለብጣሉ።»

የመርማሪዋ ዓይን የመስታወቱ በር ላይ አረፈ።  በቀይ ቀለም «መድኃኒት ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከውስጥ ሆነው ሲያዩት ፊደሎቹ ሁሉ ዞረው የመጨረሻው መጀመሪያ ሆኗል። ስታየው ቆይታ «አመሰግናለሁ» አለችና መድኃኒት ሳትገዛ ወጣች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁሉንም አለቃዋ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ እጁን ታጥቦ መጥቷል። ዘበኛው በፖሊስ ታጅቦ ጥግ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው መሃል፣ የእስክሪብቶ ማስቀመጫው ውስጥ፣ መርማሪዋ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ሰክታበታለች። ቀጥ ያለ ነው፤ ከወገቡ አንዲት አጭር ክንድ ወጥታለች።

«አትክልት ልታስተምሪን ነው?» አለ አለቃዋ።

«ትንሽ ይታገሡኝ። እርስዎ ካሉበት ክንዷ ወዴት ታመለክታለች?»

«ወደ ቀኝ።»

ከጠረጴዛው ማዶ ወደተቀመጠችው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዞረች። «ካንቺ በኩልስ?»

«ወደ ግ...» ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መብረቅም ጀርባ አለው» አለች መርማሪዋ። «ረግረጉ መሃል የወደቀውን መብረቅ መምህሩ ከፋብሪካው በኩል አነሱት፤ ክንዱ ወደ ቀኝ ሆነ። እሷ ከገበያው ሰፈር አነሳችው፤ ወደ ግራ ሆነ። እንዲህም ነው መሆን ያለበት።» ሦስተኛውን ፎቶ ቅርንጫፉ ሥር አኖረችው። «ይኼኛው ከገበያው ሰፈር ሰገነት ተነሳ ተባልን። ክንዱ ግን ወደ ቀኝ ነው። ያነሳው ሰው የቆመው መምህሩ ጎን ነበር።»

 የፎቶ ቤቱ ባለቤት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ገልብጬው ነዋ! ያምራል ብዬ።»

«እንደወረደ ነው ብለው ፈርመዋል። ፊርማውን ይተዉት፤ ፎቶውን ከሚሞሪው ላይ በባለሙያ አስመርምሬዋለሁ። አልተነካም። አሥር ከሃያ ላይ ማዶ ቢሆኑ ኖሮ፣ ዘበኛው ሬሳውን እስካገኘበት ድረስ ፋብሪካው ሊደርሱ አይችሉም ነበር። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ማንም ያልጠረጠረዎ። ፎቶው ነበር ጠበቃዎ፤ አሁን ምስክር ሆነብዎ። የኋላውን በር መምህሩ ከፈቱልዎ፤ ሌሎቹን ፎቶዎች ያጠፉት ፋብሪካው ስለሚታይባቸው ነው።»

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ? ወንድሜ ነበር አልኩዎ!»

«እሱን እርስዎ ይነግሩናል። እኔ የማውቀው፣ ስም ያወጣልዎ ፎቶ ጥግ ላይ የፋብሪካው ጣሪያ ጠማማ ብረት እንዳለ ነው። እግርዎ ረግጦት የማያውቀው ጣሪያ። ታዲያ ያንን ማን አነሳው?»

ሰውየው የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት አያት፤ ፊቷን አዞረችበት። ያን ጊዜ ነው የተሰበረው።

«ከሦስት ዓመት በፊት እንዳትምለት ሚሞሪ ሰጠኝ» አለ። «አንዷን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩ። ሰው ‹አንተ ነህ ያነሳኸው?› አለኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ወሰዱት። እሱ አይቶ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አለኝ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«በዚያ ቀንስ?»

«የራሴን ላነሳ ነው የሄድኩት። እየተንቀጠቀጥኩ ወጣሁ። ያ መብረቅ ሲወድቅ ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን፤ ተቃቀፍን። ከዚያ ዝናቡ ራቅ ሲል፣ ‹እንግዲህ የራስህን አገኘህ፤ ያኛውን መልስልኝ፣ ለሰዉ ንገር› አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ። ግን አዳራሹ፣ ሰዉ፣ ልጆቼ... ሁሉም በአንዴ መጡብኝ። ደረቱን ያዝኩት። ዝም እንዲል ብቻ ነበር። ገፋሁት።»

«ፎቶውን ለምን አላጠፉትም?» ጠየቀ አለቃዋ። ከልቡ ገርሞት ነበር።

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ በጣቱ ነካ። «የእኔ የሆነው ይኸው ብቻ ነው» አለ።

ወሰዱት። መካኒኩ ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። መርማሪዋ የዘበኛውን የመፈቻ ወረቀት ራሷ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ዞረች፤ ፊርማው ሲያልቅ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ዘበኛው የጫማውን ክር እያሰረ፣

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አላት። «ሚስቴ በር ላይ ናት። በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች፣ ለፖሊሱ ሰጥታ ትመለሳለች፤ አንድ ቀን ብቻ ገባች። ‹እውነት አልገደልከውም?› ብላ ጠየቀችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ አልገባችም። አሁን እርስዎ ይንገሯት። እኔ ብነግራት...» ሳይጨርሰው ተወው።

ሴትዮዋ የምሳ ዕቃውን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏን ስታይ ሳታስበው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች፤ ዘበኛውም መርማሪዋም አዩት።

«እህቴ» አለች መርማሪዋ፣ «ባለቤትዎ ሰው አልገደሉም። የገደለው ሌላ ነው፤ አምኗል።»

ሴትዮዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔም'ኮ አውቅ ነበር» አለች። «እንደማታደርገው አውቅ ነበር።»

ዘበኛው የምሳ ዕቃውን ከእጇ ተቀበላት።

«አታውቂም ነበር» አላት ቀስ ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ ቀድሟትም ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመረ።