ወደ መንገድ የዞሩ አርባ ሦስት በሮች

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ ሚያዝያ በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር በምትገኘው በልሺጎ መንደር ማንጎው ሁሉ በስሎ ቅርንጫፉን አጉብጦ ነበር፤ ሰማዩ ግን ገና ዝናብ አልቋጠረም፤ የቀርከሃው ጫካም በሙቀቱ ይንጣጣ ነበር። በመንደሪቱ አርባ ሦስት አባወራ ይኖራል፤ በመንገዱም ዳር አርባ ሦስት አዳዲስ መጸዳጃ ቤቶች በሲባጎ ተለክተው፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በራቸውን ሁሉ ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል። በዚያን ዕለት ከላይ የሚመጣ አጣሪ ቡድን መንደሪቱን «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ» ብሎ ነጭ ባንዲራ ሊሰቅልላት ነበር። ቀደምት ነገሥታት ዘመናቸውን በግንብና በደብር ያስቆጥሩ ነበር፤ ሚሌኒየም የተባለው ያ ዘመን ግን ሽንት ቤት ይቆጥር ነበርና እኛም የተቆጠረውን እንጽፋለን።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ወይዘሪት ቃናኒ ዱሬሳ ትባላለች፤ የባምባሲ ልጅ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ማዕረጓ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፤ ሥልጣኗም ከአንድ ቦርሳ፣ ከአንድ የሕፃን ሚዛንና ከአሥራ ስድስት የጤና ፓኬጆች አያልፍም። ወደ በልሺጎ በተመደበች በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ መንደሩ ከሚጠጣው ወንዝ ከተተው፤ ተቅማጥ ገባ፤ በአንድ ወር ሦስት ሰው ሞተ። ከሦስቱ አንዷ ሀቦባ፣ ማለትም አያት፣ እየተባሉ የሚጠሩት የአሮጊቷ የዓፊያ የልጅ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሳሌም ነበረች። ቃናኒ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ መንገድ ላይ ሞተችባት። ከዚያ ወዲህ በሚመጣው ክረምት ከዚህች መንደር ማንም እንዳይቀበር ትፈልጋለች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

መጸዳጃ ቤቶቹን ያሠሩት ግን የወረዳው የሳኒቴሽን ባለሙያ አቶ ደባልቄ ናቸው። አቶ ደባልቄ ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ለውጥ ሥልጠና ሦስት ጊዜ የወሰዱ፣ ስለ ሪፖርት ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ሰው ነበሩ። ጉድጓዱ ገና ሳይቆፈር ቃናኒ፣ «አቶ ደባልቄ፣ ከቤት ጀርባ ቢሆን ለሰዉ ይሻለዋል» ብላቸው ነበር።

«ከጀርባ ያለ ልማት ማን ያየዋል?» አሏት። «አጣሪ ቡድኑ ከመኪና ሳይወርድ እንዲቆጥር ነው። አንቺ ማስተማሩን ያዢ፤ መስመሩን ለእኔ ተይው።»

ሕዝቡም ታዘዘ፤ በሦስት ሳምንት ሠርቶ ጨረሰ፤ ያውም አሳምሮ። በበልሺጎ ከመጸዳጃ ቤቶቹ የተሻለ ቤት አልነበረም። ቃናኒ ለሥልጠና አሶሳ ሰንብታ፣ በጉብኝቱ ዋዜማ ስትመለስ በሮቹን እየከፈተች አየች፤ በአንደኛው ማሽላ ተከምሯል፤ በሁለተኛው ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች፤ የቀሩት ተጠርገው ባዶአቸውን ተቀምጠዋል፤ የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ሁሉ ደርቋል። ሄዳ ከቤታቸው ፊት ለፊት ከማንጎ ሥር የተቀመጡትን ሀቦባ ዓፊያን ጠየቀች።

«ሀቦባ፣ ሰው ለምንድን ነው የማይገባው?»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙ። «ያ በር የሀዲል ነው። ሀዲል የኔ ልጅ አገባ። እኔ ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጣል። እሱ ሲገባ እኔ ያያል፤ ሲወጣ እኔ ያያል። ዓይብ ነው፣ ነውር ነው፣ ቢንቲ፣ ልጄ። አማት እንዴት ይህን ያያል?»

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

«ጫካ። መጥረቢያ ይዞ ይሄዳል። እሱ እንጨት ነው ይላል፤ እኔም እንጨት ነው ይላል። ኸላስ፣ አለቀ።»

በዚያች መንደር አማትና አማች በዚህ ጉዳይ አይተያዩም። ስለዚህ ወንዱ መጥረቢያ፣ ሴቷ ጀሪካን ይዘው ወደ ጫካ ይወርዳሉ፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሀዲልማ አማቱ ቀኑን ሙሉ ከማንጎው ሥር ስለማይነሡ በቀን ሁለት ሦስቴ መጥረቢያ ተሸክሞ ሲወርድ ይታያል፤ በዚህም ምክንያት ባለፈው ጥር «ታታሪ አባወራ» ተብሎ ከአቶ ደባልቄ እጅ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል።

ቃናኒ ይህን ሁሉ ለአቶ ደባልቄ ነገረቻቸው። «ነገ ባንዲራው ይሰቀል፤ በኋላ እናስተካክላለን» አሏት።

«ባንዲራው ከተሰቀለ ሥራው አልቋል ብለው እኔን ወደ ሌላ ቀበሌ ያዛውሩኛል፤ እርስዎም ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳሉ። ለዝናቡ ደግሞ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።»

«ቃናኒ፣ ሪፖርቱ ሄዷል» አሉ፤ በእሳቸው ዘንድ ከዚህ በላይ ይግባኝ የለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የአጣሪው ቡድን መሪ አቶ ሌንጂሳ ቡሴ ከላንድክሩዘራቸው ወረዱ፤ ግዙፍ፣ ደግ፣ የቀረበላቸውን እምቢ ማለት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሽማግሎቹ ማንጎ አቀረቡላቸው፤ ሰባት በሉ። አቶ ደባልቄ የባንዲራውን ገመድ በእጃቸው ይዘው ንግግር ጀመሩ፤ ንግግሩ ረዘመ፤ ማንጎው ግን አልጠበቀም። የአቶ ሌንጂሳ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው።

«ክቡርነትዎ፣ አሁን ወደ ሰቀላው ሥነ ሥርዓት...» አሉ አቶ ደባልቄ።

«ቆይ» አሉ እንግዳው። «መጀመሪያ አንዱን በተግባር ልፈትሽ።»

ሕዝቡም ተነሥቶ ተከተላቸው፤ እንግዳን ብቻውን መተው ነውር ነውና። አንደኛውን በር ከፈቱ፤ ማሽላ። ሁለተኛውን ከፈቱ፤ ዶሮዋ እጃቸውን ነከሰቻቸው። ሦስተኛው የሀዲል ነበር፤ ባዶ፣ ንጹሕ፣ ጉድጓዱም በክዳን የተከደነ። አቶ ሌንጂሳ እጃቸውን በሩ ላይ እንዳደረጉ ወደ ኋላ ዞር አሉ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ሽማግሎች ከፊት፣ ሀቦባ ዓፊያ ከሁሉም ቀድመው፣ በአክብሮት ጸጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እንግዳው በሩን ለቀቁት። ዓይናቸው ሀዲል ላይ አረፈ፤ እሱም እንደ ልማዱ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጓል።

«ወንድሜ» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ፤ «መጥረቢያህን ታውሰኛለህ?»

ሀዲል በሁለት እጁ አቀበላቸው። ቡድን መሪውም ክብራቸው በፈቀደው መጠን ፈጥነው ወደ ቀርከሃው ጫካ ወረዱ። ማንም አልሳቀም፤ ሕዝቡ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ አቶ ደባልቄ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ሲመለሱ ሀቦባ ዓፊያ በትሕትና፣ «እንጨት አጣ?» ብለው ጠየቁ።

«አጣሁ፣ እናቴ» አሉ አቶ ሌንጂሳ።

በዚህ ጊዜ ቃናኒ ወደ ፊት ወጣች። «ባንዲራው ዛሬ አይሰቀል፣ አቶ ሌንጂሳ። አርባ ሦስቱንም የሚጠቀምባቸው የለም። አምና ሳሌም የምትባል ሕፃን እዚህ ክንዴ ላይ ሞታለች። ሁለት ሳምንት ይስጡን፤ ቤቶቹን ወደ ጀርባ እናዙራቸው፤ እኔንም ክረምቱ እስኪያልፍ ከዚህ አያንሡኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ጥናት ይቅረብ ይሉ ነበር። በዚያን ቀን ግን በእጃቸው የያዙትን መጥረቢያ አዩና «ይሁን» አሉ።

ሥራው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ የሥራውም ዋና ተቆጣጣሪ ሀቦባ ዓፊያ ሆኑ። እሳቸው ከማንጎው ሥር ይቀመጣሉ፤ ሀዲል ከየቤቱ ጀርባ በቀርከሃ አጥር ውስጥ ይመላለሳል፤ «ያያል» ካሉ ቦታው ይቀየራል፤ «አያይም» ካሉ ይቆፈራል። የልጅ ልጃቸውን ስም አንድም ቀን አላነሡም፤ ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ለምሳም እንኳ አልተነሡም። መጥረቢያው ከግድግዳ ተሰቀለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሀዲል ታታሪ አባወራ ሳይባል ቀረ።

ዝናቡ ግንቦት በገባ በሦስተኛው ቀን ጀመረ፤ ቃናኒም እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ እስከ መጨረሻው ቤት እየሄደች የታመመ እንዳለ ትጠይቅ ነበር። ከበልሺጎ ማንም አልተቀበረም። በመስከረም የአራቱን ወር ቅጽ ስትሞላ «በተቅማጥ የሞቱ» ከሚለው ዓምድ ላይ የሞተ የለም ለማለት አንዲት ሰረዝ አሰመረች። ቅጹን የተቀበለው ጽሕፈት ቤት ግን ሌሎቹ መንደሮች ሁሉ ቁጥር ልከው እሷ ብቻ አለመላኳን አይቶ፣ ሪፖርቱን አላሟላሽም ሲል በማኅተም የተደገፈ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ደብዳቤውን ሀቦባ ዓፊያ ዘንድ ይዛ ሄደች።

«ምን ይላል?» አሉ።

«የሞቱትን ለምን አልጻፍሽም ይላል።»

አሮጊቷ ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ። «ሳሌም አምና ተጻፈ?»

«ተጽፋለች፣ ሀቦባ።»

«ኸላስ፤ እሱ ይበቃል።»

ስለዚያ ክረምት በመዝገብ ቤት የሚገኘው ይኸው ነው፤ የአርባ ሦስቱ ቤቶች ቦታ በአቶ ደባልቄ አስተባባሪነት መሻሻሉን የሚገልጽ ሪፖርት፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እና አንድ ያልተሟላ የተባለ ቅጽ። የቃናኒ ስም የሚገኘው በማስጠንቀቂያው ላይ ብቻ ነው። በቅጹ ላይ ያለችው ሰረዝ ቀለሟ ደብዝዟል፤ በዚያች ሰረዝ ቦታ ከሞቱት ጋር ሳይጻፉ የቀሩት ልጆች ግን ዛሬ አድገው በበልሺጎ ማሽላ ያርማሉ።