የአዴ ሊቤ የእርጎ ዕቃ

ሲስተር አጸደ ያገለገለ ነገር ሁሉ ይቃጠል ባይ ናቸው፤ እናትነሽ ደግሞ የተቀደደ ፌስታል እንኳ አጥባ የምታሰጣ ሴት ናት። ሰበታ በሚገኘው የፕላዝማ ማድረቂያ ማዕከል ሲስተር አጸደ ያዛሉ፣ እናትነሽ ታጸዳለች።

ቅዳሜ ከሰዓት የእናትነሽ ልጅ ሩታ የቤት ቁልፍ ልትቀበል ወደዚያ ሄደች። እናቷን ስትጠብቅ በመስታወቱ አሻግራ አየች፤ ባየችውም ነገር ደርቃ ቀረች። እናቷ እያመጣችላት ሦስት ሳምንት ሙሉ እቤት ስታጥበው የቆየችው ዓይነት ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ማሽኑ ላይ ተገጥሟል። ቢጫ ፈሳሽ ውስጡ እንደ ጉም ይረጫል፣ ደርቆም እንደ ዱቄት ይወርዳል።

«ምንድን ነው?» ስትል አጠገቧ የቆሙትን ሲስተር አጸደን ጠየቀች።

«የደም ፈሳሹ ክፍል፣ ፕላዝማ ነው። ዱቄቱ ሩቅ ጤና ጣቢያ ደም የሚፈሳትን እናት ያድናል። ዕቃው ግን ለአንድ ሰው ደም፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቃጠላል። ሰሞኑን ማቃጠያው ተበላሽቶ ያገለገለው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተከማችቷል።»

«በፈላ ውሃ ቢታጠብስ?»

«የኔ ልጅ፣ በሽታውን ዓይን አላየውም ማለት የለም ማለት አይደለም።»

ሩታ ቁልፉን ተቀብላ ቤታቸው እስካለበት ዓለም ገና ድረስ በታክሲ ሄደች። ጎረቤታቸው አዴ ሊቤ ታክሲ ተራው አጠገብ እርጎ ይሸጣሉ።

«አካም ጂርታ፣ ሩቲ! እናትሽ ትባረክ! የፈረንጅ ዕቃ ብትሰጠኝ እርጎዬም ኮራ!»

ከፊታቸው ካሉት ሁለት ዕቃዎች ከአንዱ በብርጭቆ ቀድተው ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ሰጡት።

«አራት አልነበሩም እንዴ?» አለች ሩታ።

«ሁለቱን ተጂ ከተማ ላለችው እህቴ ላክሁ። እሷም ለጎረቤት ሳታካፍል አትቀርም፤ ታውቂያት የለ!»

«አዴ፣ በነዚህ አይሽጡ።»

«ምነው፣ ቀናሽብኝ?» ብለው ሳቁ።

ሩታ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የእናቷ ፊት መጣባትና መልሳ ዘጋችው። ሾፌሩ ብርጭቆውን ጨልጦ ከንፈሩን ጠረገ።

እናትነሽ ከሥራ እንደገባች ሩታ ሁሉንም ነገረቻት። እናትነሽ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ደም ቀይ ነው» አለች። «እዚያ ዕቃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀይ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጥሩ ዕቃ ሊቃጠል ሲከማች አንጀቴ አልችል አለ።»

«ዝም ብለን እንሰብስባቸው» አለ አባቷ ዘርሁን። የሚሠራበት ሕንፃ ግንባታ ከተቋረጠ ስምንት ወሩ ነው።

«ተጂ የሄዱትንስ፣ አባዬ? ማን ቤት እንደገቡ እንኳ አናውቅም።»

«ከታወቀ እናትሽን ያባርሯታል። በዚህ ቤት ሥራ ያላት እሷ ብቻ ናት!»

«አውቃለሁ፤ ያባርሯታል።»

ታናሽ ወንድሟ ቲቶ ጨዋታውን ትቶ አያት። እናትነሽ ቀና አላለችም።

«ነገ ከቸርች በፊት» አለች ሩታ፣ «ለአዴ ሊቤ ዕቃው ደም እንደነበረበት እነግራቸዋለሁ። አብሬያቸው ተጂ እሄዳለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ከእማዬ ጋር ሲስተር አጸደ ቢሮ እገባለሁ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዋን አትቆምም።»