የመጋቢት ቅጂ

«በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?» ይላል ስክሪኑ።

ዲስኩ ገና ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለበትም። ቢሆንም ራሊፃ ጣቷ ትንሽ ፈራ ተባ ካለ በኋላ ነው «አዎ»ን የተጫነችው።

በትሮያን ከተማ ሰው ሲሞት በየበሩና በየመብራት እንጨቱ ላይ ፎቶው ያለበት ወረቀት ይለጠፋል። ለአርባው፣ ለመንፈቁ፣ ለሙት ዓመቱም እንደገና። ሁሉም የሚታተሙት በአጎቷ በኦግንያን ጠባብ ማተሚያ ቤት ነው። ትናንት የኮምፒውተሩ አሮጌ ዲስክ ቋ ቋ ሲል ቆየና ጸጥ አለ። ደግነቱ ራሊፃ መጋቢት ላይ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ ፕሮግራሙንም ፋይሉንም እንዳለ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጣለት ነበር።

ቅጂው ወደ አዲሱ ዲስክ ሲገለበጥ መስመሩ እየሞላ ሄዶ መቶ ደረሰ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። መጋቢት ላይ የነበረው የበረዶ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ውጭ የሐምሌ ፀሐይ እያቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የአራት ወራት ፋይሎች አልነበሩም። ፊደሉ በትክክል መውጣቱን ለማየት የመጨረሻውን ፋይል ከፈተች።

አያቷ ስቶይና ከሐዘን ወረቀቱ ፎቶ ውስጥ አየቻት።

አያቷ በሕይወት አለች፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ በስልክ ስትጨቀጭቃት ነበር። ፎቶውንም ያነሳችው ራሊፃ ራሷ ናት። «እስቲ አንድ ደህና አድርገሽ አንሺኝ፤ አታስቂኝ ግን» ብላት ነበር። ከሥሩ ስሟ፣ የተወለደችበት ዓመት፣ አንዲት ሰረዝ፤ ከሰረዟ በኋላ ባዶ። ከኀዘንተኞቹ መጀመሪያ የተጻፈው ደግሞ «ራሊፃ» ነው።

«ተነሳልሽ የኔ ኢንጂነር?» አጎቷ እየሳቀ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ሳቁ ጠፋ። «ደምስሼው ነበር እኮ!»

«ቅጂውን የወሰድኩት ሳትደመስሰው ነዋ።»

«እማዬ ናት ያዘዘችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ ‹ልጅቷ እዚህ ትገባለች፣ አጥፋው› አለችኝ።»

«ታማለች?»

ኦግንያን በሩን ዘጋ። «ቀዶ ጥገና አለባት። ቀጠሮዋ መጋቢት ላይ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ፈተናሽ እንዳይረበሽ ብላ አራዘመችው። አሁን ሰኞ ነው። አንቺ ቅዳሜ ወደ ባሕር ካምፕ ስለምትሄጂ...»

«እስክሄድላት ነው የጠበቀችው?»

«አጥፊውና እንዳላየሽ ሁኚ፣ በናትሽ። ማወቅሽን ከሰማች እኮ ትሞትብኛለች!» ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

ራሊፃ የማውሱን ቀስት ወደ ማጥፊያው ወሰደችው። ካምፑን ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች፤ ጓደኞቿ አውቶቡስ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሳይቀር ተከፋፍለዋል። አንዴ ብትጫን ምንም ያላየች ትሆናለች። ግን ይሄው ፋይል ከዚህ በፊትም ተደምስሶ ነበር፤ አያቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ይዛው ኖራለች።

ስልኳን አነሳች።

«ሻንጣሽን ጨረስሽ?» አለች ስቶይና፣ ሰላም እንኳ ሳትላት። «ሹራብ ያዢ፤ የባሕር ነፋስ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። ጸጉርሽን ሳታደርቂ ደግሞ...»

«እማማ፣ ሰኞ ሆስፒታል ስንት ሰዓት ነው መድረስ ያለብን?»

 

«ጠዋት አንድ ሰዓት» አለች ስቶይና ቀጥኖ በወጣ ድምፅ። «እኔ ባዶ ሆዴን ነው የምሄደው። አንቺ ግን ቁርስ ሳትበዪ ከቤት አትወጪም።»