ጥጥ በተዘራበት ዓመት

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ዘግይቶ በጣለበት ወር፣ የመንግሥቱ ምክር ቤት የምጣኔ ሀብት አማካሪ የአገሩን ጎተራዎች ጎብኝቶ ሲመለስ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከሦስት ሳምንት በፊት የወጣ ጋዜጣ ገዛ፤ ገና ቆሞ ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። በስሙ የታተመው ጽሑፍ የእሱ አልነበረም። እሱ «አገሩ ጥጥ ብቻ ከዘራ፣ የባሕር ማዶ ገበያ በወደቀ ዕለት ይራባል፤ የጎተራው እህል ለሦስት ወር አይበቃም» ብሎ ነበር፤ ጋዜጣው «ይበቃል» ይላል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሹማምንትን መክሯል፤ እያዛጉ ሲሰሙት ታግሷል፤ ይህን ግን መዋጥ አቃተው። በቀጥታ ወደ ንግድ ሚኒስትሩ ሄደ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን እኔ አልጻፍኩም!»

«ጽፈሃል እንጂ! እኛ ትንሽ አለሰለስነው» አሉ ሚኒስትሩ ብርቱካን እየላጡ። «ሕዝብ የደነገጠ ዕለት ነው አደጋው። ደግሞስ ያንተ ፊርማ ባይኖርበት ማን ያምነናል?»

ጭማቂ የሚንጠባጠብ እጃቸውን ዘረጉለት፤ ጨበጣቸው። ደረጃውን ሲወርድ መዳፉን በሱሪው ቢጠርግ ቢጠርግ አልጠራልህ አለው፤ ከሰውየው ይልቅ ራሱን ተጸየፈ።

ቤቱ ሲደርስ የእህቱ ባል ከገጠር መጥቶ ይጠብቀዋል።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ጽሑፍዎን አስነብቤ የማሽላውን ማሳ ገለበጥኩት፤ እስከ ወንዙ ድረስ ጥጥ ነው!»

«እህቴ ምን አለች?»

«እሷማ ‹ወንድሜ ካለ አለ ነው› አለች።»

በማግስቱ አማካሪው ዋናውን ጽሑፍ ይዞ ምክር ቤት ገባ፤ ሳይፈቀድለት ቆሞ ቃል በቃል አነበበው። አንዱ ሹም «ይህ ሰው ታሟል» አሉ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከምሳ በፊት ተሰናበተ። በዚያው ቀን ከአማቹ ጋር ወደ እህቱ መንደር ወረደ፤ በየደጁ እየዞረ «ዋሽተዋችኋል፤ በስሜ ዋሽተዋችኋል» አለ። ቤተ ዘመዶቹ ግማሹን ማሳ መልሰው ማሽላ ዘሩ፤ ጎረቤቱ ግን «ሥራውን ቢያጣ እኛን ሊያስፈራራ መጣ» ብሎ አፌዘበት።

ገበያው የወደቀው ጥጡ በተለቀመ ሰሞን ነው። የእህቱ ልጆች ከስተው ከረሙ፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች። ሦስት ጎረቤት ቤቶች በራቸውን ሳይዘጉ በመንገዱ ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ከዓመታት በኋላ የምክር ቤቱ ታሪክ ሲታተም፣ ሚኒስትሩ «በችግር ቀን እህል ያደሉ» ተብለው ሁለት ገጽ ከነፎቶግራፋቸው ተሰጣቸው፤ አማካሪው «በተሳሳተ ትንበያው የተሰናበተ» ተብሎ በአንድ መስመር ቀረ። በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ግን ስማቸውን የጻፈ፣ ቁጥራቸውንም የጠየቀ የለም።