ከከፋዩ ስር

ምሥጋናውን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተቆጣሁት። ፍላቂት ገበያ ዳር ካለው ቤታችን ደጃፍ ፈረሱን አቁሞ፣ ከኮርቻው እንኳ ሳይወርድ፣ ፀጉሩ የሸበተውን አባቴን «ታፈረ፣ ጋሻ ታድሳለህ?» አለው።

«አንተ የምትለው ሰው ከአባትህ በዕድሜ ይበልጣል» አልኩት፣ የቆዳ መፋቂያዬን እንደያዝኩ።

አባቴ ደነገጠ። «ተይ ይማርሽ፣ ተይ ልጄ» ብሎ በስሜ ጠርቶ ገሠጸኝ። ወጣቱ ግን ፊቱ ቀላ፤ ወረደና አንገቱን ሰብሮ «ይቅር ይበሉኝ፣ አያ ታፈረ» አለ። ዐይኑ ከዐይኔ ላይ ቶሎ አልተነሳም። እኔም ቶሎ አላነሳሁም፤ በንዴት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እኛ ቆዳ ፋቂዎች ነን። ኮርቻውን፣ ጠፍሩን፣ መጫኛውን አገሩ ሁሉ ከእኛ ይወስዳል፤ ድግስ ሲሆን ግን ለአባቴ ጠላ የሚሰጠው ደጅ ላይ፣ በተሰነጠቀ ቅል ነው። የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ከበሮ ቆዳ የወጠረው እሱ ነው፤ ከበሮው ቅኔ ማኅሌት ሲገባ እሱ ቅጥር ዳር ይቆማል። በ1996 ዓ.ም. የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ተነስቶ «ባለ እጅን መናቅ የፊውዳል ርዝራዥ ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ጠላ ቀረበ፤ ለአባቴ ያው ቅል መጣ።

ጥምቀት እየደረሰ ነበር። በእኛ አገር በጥምቀት ፈረሰኞች ጉግስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፣ የሚሸሸው ጀርባውን በጋሻ ይከልላል። ምሥጋናው ያመጣው ቀይ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ያያቱን ጋሻ ነው። እጀታው ላልቷል ብሎ ነበር። ከፋዩን ተርትሬ ብገልጠው ከስሩ ዱቄት ፈሰሰ።

«ይሄ አይታደስም፤ መለወጥ ነው ያለበት» አልኩት።

«አባቴ አይሰማኝም። ‹ያባቴን ጋሻ ዱላ አይበሳውም› ይላል።»

«ዱላ መች ደረሰና! ብል ቀድሞ በስቶታል።»

ሳቀ። ሲስቅ ቁጣዬ ከዳኝ፤ በዚህም ተናደድኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ፤ አዲስ ቆዳ እንድሠራና አሮጌውን ከፋይ መልሼ እንድሰፋበት፣ አባቱ አያ ይታገሱ እንዳያውቁ። እሺ አልኩ። ጀርባው እንዲሰበር አልፈለግሁም፣ ይኸው ነው።

ቆዳው እስኪደርቅ «ጋሻውን ልየው» እያለ ተመላለሰ። ውኃ ሲጠይቀኝ በእኛ ቅል ሰጠሁት፤ ሳያቅማማ ጠጣ። እንደዚያ የጠጣ የባላገር ልጅ አይቼ አላውቅም። ልቤ ያን ቀን ሄደ።

«ጋሻው ሲያልቅ ምን ብዬ እመጣለሁ?» አለኝ።

«ጠፍር ተበጠሰብኝ በላ።»

«አንቺን ፈልጌ ነው የምመጣው ማለት አይሻልም?»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን ለአባትህ ንገራቸው።»

«ከጥምቀት በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለ። አመንኩት።

በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሜዳው በሰው ሞላ። እኔና አባቴ እንደ ልማዳችን ከሕዝቡ ራቅ ብለን ዳር ቆምን። ምሥጋናው ሲሸሽ አንድ ጉልበተኛ ፈረሰኛ ከቅርብ ወረወረበት። ዘንጉ ጋሻውን መሐሉ ላይ መታው። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ፈረሱ ተንገዳገደ፣ እሱ ግን ከኮርቻው አልወደቀም።

አያ ይታገሱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው «ያባቴ ጋሻ! አላልኳችሁም? ያባቴ ጋሻ ነው!» ብለው ጮኹ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምሥጋናው ወደ እኔ አየ፤ ወዲያው ዐይኑን ሰበረና ፈገግ ብሎ ጋሻውን ለሕዝቡ ከፍ አደረገ።

«እንኳን ተረፈ» አለ አባቴ። ይህን ብቻ። በእሱም ተናደድኩ።

አመሻሹ ላይ ምሥጋናው በጓሮ በኩል መጣ።

«ይማርሽ፣ ነፍሴን አተረፍሻት።»

«ያተረፉህ አያትህ ናቸው። አባትህ ለሜዳው ሁሉ ነግረዋል።»

«ሽማግሌ በሰው ፊት ላዋርድ?»

«የእኔ አባት ሽማግሌ አይደለም? እሱ በሰው ፊት ሲዋረድ አይደል የኖረው?»

ሰው ሰምቶ እንደሆን ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ይህ አቃጠለኝ።

«ሂድ» አልኩት። «በደጅ የማትመጣ ከሆነ በጓሮም አትምጣ። እኔን እንደ ቆዳው ከከፋይ ስር ደብቀህ አትይዘኝም።»

ሄደ። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ስለወደድኩት ነው፣ ይህን የሚያህል ፈሪ ስለወደድኩ።

በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው፤ ጉግሱ ይቀጥላል። ምሥጋናው ሜዳው ላይ ሲገባ ሰው አጉረመረመ። ጋሻው ራቁቱን ነው። ከፋዩን አጣጥፎ ብብቱ ስር ይዞታል።

«ጋሻው ምን ሆነ?» አሉ አያ ይታገሱ።

«አባቴ፣ ያያቴን ጋሻ ብል ጨርሶታል። ትናንት ያዳነኝ ይማርሽ የሠራችው ነው፣ የአያ ታፈረ ልጅ። ላገባት ነው።»

አያ ይታገሱ ከፋዩን ነጥቀው ያዙ።

«ውረድ» አሉት። «ፋቂ ቤት የሚገባ በፈረሴ ላይ አይቀመጥም።»

ወረደ። ልጓሙን ለአባቱ አስረክቦ ያን ሁሉ ሜዳ በእግሩ አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። ሰዉ እንዳንነካው ለእኛ መንገድ እንደሚለቅልን ለእሱም ለቀቀለት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፈላሁ።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ፈርቼ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ።»

አባቴ ክንዱን ያዘው። «ተመለስ ልጄ፣ እግራቸው ላይ ውደቅ። የእኛ ኑሮ አይሆንህም።»

«እርስዎ ይፍቀዱልኝ እንጂ አልመለስም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ተቀይመሽኛል?»

«ገና መች ጀመርኩ! የምሬን ነው ካልክ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ና። እርጥብ ቆዳ ስወጥር የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። ጋሻ ማሠራት ሌላ ነገር ነው። እርጥብ ቆዳ በገበያ ፊት የነካ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ፋቂ ነው፤ እስኪሞት በተሰነጠቀ ቅል ይጠጣል። ዞሮ ሄደ።

በገበያው ቀን ገብስ የጫኑ አህዮች በደጃችን ማለፍ ሲጀምሩ፣ የበሬ ቆዳ ከውኃ አውጥቼ ዘረጋሁ። መንገዱን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ነጭ ጋቢ አጠገቤ ወደቀ። ቀና ስል ምሥጋናው እጅጌውን ሰብስቦ የቆዳውን ሌላ ጫፍ ይዟል።

ገበያተኛው ቆመ። አንዲት ሴት አማተበች። አያ ይታገሱ በበቅሎ መጡ፤ አዩን፤ አላየሁም ብለው አለፉ።

ሳብኩ። ስለ አባቴ ቅል፣ ስለ ጓሮው፣ ስለዚያ ፈገግታው ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩት። ተንሸራቶ በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ የቆዳው ውኃ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«ከብዶህ ከሆነ ልቀቀው!»

«አልለቅም።»

እንደገና ሳብኩ። አለቀቀም። ዐይኑ እኔ ላይ ነው።

አባቴ ድንጋይ አንስቶ ቆዳው የሚወጠርበትን ችካል በምሥጋናው እጅ አጠገብ መታው። ያ ጫፍ ተያዘ።

«ና እንግዲህ» አልኩት። «በዚህ በኩል ያዝ። ገና አልጨረስንም።»