ጎመን የጠፋባቸው ሃምሳ ቀናት

የፀዲ እናት ወይዘሮ ቆንጂት በኬንያ ሞያሌ ሆቴል አላቸው። በ2006 ዓቢይ ጾም ፀዲ ከወጥ ቤቱ የሚተርፈውን የጎመንና የሰላጣ ቅጠል በማዳበሪያ እየሞላች፣ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ቦሪ በሚወስደው የከተማዋ መውጫ ትወስድ ነበር። እዚያ ሊበን የሚባል ወጣት የሚሠራባት ትንሽ የእንስሳት ፓርክ አለች። አንበሳም ዝሆንም የላትም፤ ያላት አሥራ አንድ ዔሊ፣ አንድ ዘንዶ፣ እንቁራሪቶች፣ በመስታወት ሣጥን የተዘጉ ጊንጦችና አንዲት እስስት ነው። ፀዲ የመጀመሪያ ቀን የሄደችው ቅጠሉን ከመጣል ብላ ነው። በማግስቱ የሄደችው ግን፣ ምን ያስዋሻል፣ ለሊበን ነው።

ሊበን እስስቷን ክንዱ ላይ አውጥቶ አጠገቧ ይቆማል።

«አትፍሪ፤ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው።»

እስስቷ ከእሱ ክንድ ወደ እሷ ክንድ እስክትሻገር ሁለቱም አይናገሩም። ፀዲ ከዚያም በላይ ብትዘገይላት ደስ ይላት ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ በሆቴሉ ጎመን የሚያዝዝ ሰው ጠፋ። ፀዲ ባዶውን ማዳበሪያ ስታነሳ እናቷ አዩዋት።

«ወዴት ነው?»

«ዔሊዎቹን…»

«ምን ልታበያቸው? ቁርጥ?» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ልጁ ሙስሊም መሆኑን አውቃለሁ። ለዔሊ ስትይ ዝም አልኩ። ለእሱ ከሆነ ግን ንገሪኝ።»

ፀዲ መንገር አቃታት። የሰኔ ጾም ሲገባ እሄዳለሁ ብላ ናፍቆቷን ይዛ ቀን መቁጠር ጀመረች። ሊበን ደግሞ ይህን ሥርዓት ከየት ያውቃል? እሱ የገባው እንደቀረችበት ብቻ ነው።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ባለቦዳቦዳው ሻሮ ቁርስ ሊበላ ገባ።

«ፓርኩ ተዘጋ እኮ። እንስሶቹን ናይሮቢ ሊወስዷቸው እየጫኑ ነው፤ ሊበንም አብሮ ይሄዳል።»

ፀዲ ሽርጧን ሳትፈታ ሻሮን እየጎተተች ወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ወደ ሊበን» አለች።

ሊበን የመጨረሻዋን ዔሊ ሣጥን ውስጥ እያስገባ ነበር። ሲያያት ቀና አለ።

«ጎመን አላመጣሁም» አለችው።

«እኔ መቼ ጎመን በላሁ?»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ? ጾሙ እስኪገባ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ፓርኩ ሊዘጋ ነው፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ ብለውኝ፣ ወር ሙሉ በሩን ሳይ ከረምኩ። ትናንት ለመሄድ ፈረምኩ ፀዲ። ፖሌ፣ ይቅርታ።»

እስስቷን ክንዷ ላይ አደረገላት። እስስቷ ወደ እሱ ተመልሳ እስክትሻገር ሁለቱም አልተናገሩም። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ፀዲ ታለቅስ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት፣ ፀዲ ወደ ናይሮቢ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ቦታ ያዘች። ወይዘሮ ቆንጂት ሊሸኟት ቆመው እጆቿን አዩ።

«ለልጁ ምንም አልያዝሽለትም?»

«ምንም» አለች ፀዲ። «ባዶ እጄን ነው የምሄደው።»