ቅቤ የሌለበት ሽሮ

«ፍንክች አላለም!» ብሎ ደጀን ጮኸ። «ሰባ ዘጠኝ ኪሎ! ከሦስት ሳምንት በፊትም ሰባ ዘጠኝ፣ ዛሬም ሰባ ዘጠኝ። ኧረ ቦቴው ነዳጁን አላራገፈም!»

መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰውዬ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሄኖክ ጆሮው ግሎ ከሚዛኑ ወረደ። ከደጀን ጋር የክፍሉ ልጆች ግማሾቹ ከበው እያዩት ነበር። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ምን አፉን አስከፈተው? ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ሥጋና ቅቤውን በሚያጧጡፍበት ሰሞን፣ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ስኳር የለ። ወር ሳይሞላ ከስቼ ታያላችሁ» አለ። ስልክ ላይ ካየው ቪዲዮ የሚበላውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ለእናቱ ሰጥቷት ነበር፦ ማሾ፣ ባቄላ፣ ማሽላ፣ ጎመን፣ ፓፓያ። ጎረቤቶች «በሃምሳው የምን ጾም ነው? ይሄን ልጅ ምን ነካው?» ሲሉ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«እውነቱን ንገረና» አለ ደጀን። «ቀን ቀን ትጾማለህ፣ ማታ ማጀት ገብተህ ትሰለቅጣለህ። ውሸታም!»

«እኔ ውሸታም አይደለሁም!»

«ታዲያ ሚዛኑ ነው የሚዋሸው?»

ሄኖክን ያበገነው ይሄው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ላይ እግሩ እስኪዝል ተራምዷል። በሃምሳው አክስቱ ቤት ተጠርቶ፣ ዶሮ ወጥ ፊቱ ቀርቦለት «አልፈልግም» ብሏል። አሁን ደግሞ ውሸታም!

ጓደኛው አብዱልጀሊል ምሳውን ሁልጊዜ ቤቱ ነው የሚበላው። የዚያን ቀን ግን ሄኖክ አንገቱን ደፍቶ ሲያየው አሳዘነውና አብሮት ትምህርት ቤት ቀረ። የሄኖክን ምሳ ዕቃ ከፍተው ለሁለት ቀረቡ። አብዱልጀሊል አንዴ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ።

«ሄኖካ፣ አትቆጣ ግን...»

«ምን?»

«ይሄ ሽሮ ቅቤ አለው።»

«ዝም በል ባክህ!»

«ወላሂ አለው። እናቴ ግራና ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው ያደግሁት። በሌላ አታለኝ፣ በቅቤ ግን አልታለልም።»

ሄኖክ አሸተተው። ከዚያ የያዘውን እንጀራ መልሶ ጣለው። እሱ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ለካ ሽሮ ያለ ቅቤም እንዲህ ይጣፍጣል!» እያለ ሲደነቅ ነው የከረመው። ሞኝ!

ቤት ሲደርስ እናቱ አሰለፈች በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች። ምሳ ዕቃውን እግሯ ሥር አስቀመጠው። አስቀመጠው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ወረወረው።

«ቅቤ ጨምረሽበታል!»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። «አንድ ማንኪያ ብትሆን ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ጭራሽ አላፈረችም! «ሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ! እኔ ቃሌን ስጠብቅ አንቺ ትዋሺኛለሽ? ከራሴ እናት ነው የምጠነቀቀው እንግዲህ?»

«አዎ ዋሸሁ!» አሰለፈች ብድግ ስትል ሰፌዱ ወደቀና ማሾው በረንዳው ላይ ተበተነ። እናቱ እህል ስትበትን አይቷት አያውቅም። «ዋሸሁ! ያችን ወረቀትህን አምጥተህ አነበብክልኝ። ማሽላ፣ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ያለ ቅቤ ያለ ዘይት! ይሄን ምግብ እኔ አጣሁት? በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ምን ነበር የበላነው? ወደን ነው የበላነው? ጨው እንኳ ጠፍቶ ባዶ ንፍሮ ስሰጥህ፣ ተኝተህ የጎድን አጥንትህን እያየሁ አነጋ ነበር። ያን ጊዜ በማርያም ምያለሁ። እኔ ቆሜ ይሄ ልጅ ዳግመኛ አይከሳም ብዬ። አሁን አንተ ወድጄ ልክሳ ትለኛለህ!»

ሄኖክ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የንፍሮው አልጫነት አሁንም ምላሱ ላይ አለ። እናቱ ሳህኗን ወደ እሱ ገፋ እያደረገች «እኔ በልቻለሁ» የምትለውንም ያስታውሳል። የት ነበር የምትበላው? ያን ጊዜም ትዋሽ ነበር ማለት ነው።

ንዴቱ ግን አልለቀቀውም። «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«አንተስ ባትከሳ ምን ነበረበት?»

«የታለና የከሳሁት? ሰባ ዘጠኝ ነኝ እኮ!»

አሰለፈች ከላይ እስከ ታች አየችው።

ሄኖክ በርከክ ብሎ ማሾውን ከወለሉ ላይ መልቀም ጀመረ። ጠጠሩን እየጣለ፣ ፍሬውን እየሰበሰበ ሰፌዱን ሞላ። ከዚያ አጥቦ ይዞት ማጀት ገባ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለች ከውጭ።

«ራት። ከዛሬ ጀምሮ የምበላውን እኔ ነኝ የምሠራው። ቅቤሽንም እንዳታስጠጊብኝ!»

ሽንኩርቱን ሲከትፍ ዓይኑ አነባ። በውሃ ብቻ አቁላላው፣ በርበሬውን ጨመረ፣ ማሾውን እስኪፈርስ ድረስ አበሰለው። አንዴ ሥሩ ያዘበትና ተሳደበ። ሲመሽ እንጀራ ዘርግቶ መሃሉ ላይ ወጡን ቆለለና እናቱ ፊት አቀረበው።

አሰለፈች ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አኘከች። ሄኖክ ስለ ቅቤ እስክታነሣ ለጠብ ተዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ተነሥቶ ጨው አመጣላት። ነስነስ አድርጋ አማሰለችለትና አብራው መብላት ጀመረች። ሄኖክ እንደተኮሳተረ በላ። እሷ ደግሞ እጁን ታያለች፤ ሲቆርስ፣ ሲጎርስ፣ እንደገና ሲቆርስ። እንጀራው ላይ ያለው ወጥ አለቀ።

ሄኖክ ድስቱን ወደ ራሱ ሳበው። ሲጠግብ እንድታየው ብሎ፣ ዓይኗ እያየ ሁለተኛ ጨለፈ።